ዕቃው ደረሰ፣ ሂሳቡ ግን አልገጠመም፦ ሲምታቱ ኪስ የሚጎዱ የሎጂስቲክስ ቃላት

በሎጂስቲክስ ሥራ የሚነሳው አብዛኛው ጭቅጭቅ ማጭበርበር የለበትም። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ተጠቅመው የተለያየ ነገር ስላሰቡ ነው። ደጋግመው የሚያጋጥሙትን እንይ።

ችግር፦ ዕቃው ባሕር ላይ ተበላሸ፤ ሻጩ «እኔን አይመለከተኝም» አለ

ውሉ ሲአይኤፍ ይላል፤ ዋጋው የዕቃውን፣ የመድኑንና እስከ መድረሻ ወደብ ያለውን የማጓጓዣ ወጪ የሚያካትትበት የሽያጭ ዓይነት ነው። ገዢው «ሻጩ ማጓጓዣውንም መድኑንም እስከ እኔ ወደብ ከፍሏል፤ እስኪደርስ ድረስ ኃላፊው እሱ ነው» ብሎ ተረጋግቷል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በሲአይኤፍ ወጪውና የጉዳት ኃላፊነቱ አንድ ቦታ ላይ አይተላለፉም። የማጓጓዣው ወጪ እስከ መድረሻ ወደብ የሻጩ ነው። የጉዳት ኃላፊነቱ ግን ዕቃው መነሻ ወደብ ላይ መርከብ ከተጫነ በኋላ የገዢው ነው። ሻጩ የሚገዛው መድንም፣ በኢንኮተርምስ 2020 (እንዲህ ያሉ የውል ቃላትን ትርጉም በሚወስነው ዓለም አቀፍ ደንብ) መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ዝቅተኛው ሽፋን ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ከሻጩ ጋር መነታረኩን ትታችሁ የመድን ሰነዱን አውጡ። ዕቃውን ስትረከቡ ፎቶ አንሱ። ጉዳቱን ሳይውል ሳያድር ለመርከብ ድርጅቱና ለመድን ሰጪው በጽሑፍ አሳውቁ። በሚቀጥለው ውል ሰፋ ያለ ሽፋን ይካተት። ኤፍኦቢም (የሻጩ ወጪና ኃላፊነት ዕቃው መነሻ ወደብ ላይ መርከብ ሲጫን የሚያበቃበት) ሆነ ሲአይኤፍ ስትጽፉ የወደቡ ስምና «ኢንኮተርምስ 2020» የሚለው አብረው ይግቡ።

በነገራችን ላይ፣ በኮንቴነር ለሚሄድ ዕቃ ኤፍኦቢ መጻፍ ልማድ ሆነ እንጂ አይመከርም። ኮንቴነሩ መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት ተርሚናል ገብቶ ይጠብቃል። እዚያ ቢጎዳ፣ ከእጁ ቢወጣም ኃላፊው አሁንም ሻጩ ነው። ኤፍሲኤ የተሻለ ነው፤ ኃላፊነቱ የሚተላለፈው ዕቃው በተባለው ቦታ ለአጓጓዡ ሲሰጥ ነው።

ችግር፦ ለአንድ ኮንቴነር ሁለት ቅጣት መጣ

የመጀመሪያው ዲመሬጅ ነው፤ ዕቃ የያዘው ኮንቴነር ከነፃ ቀናቱ (ክፍያ ከማይጠየቅባቸው ቀናት) አልፎ ወደብ ውስጥ ሲቆይ ይቆጠራል። ሁለተኛው ዲቴንሽን ነው፤ ኮንቴነሩ ከወደብ ወጥቶ ባዶው በጊዜው ሳይመለስ ሲቀር። ወደቡ የራሱን የማከማቻ ኪራይ ከጠየቀ ሦስት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት «ስንት ነፃ ቀን አለኝ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ለየትኛው? ከመቼ ጀምሮ? ተጣምረው ነው ወይስ ለየብቻ? መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ችግር፦ ካርቶኑ 8 ኪሎ ይመዝናል፤ የተከፈለው የ16 ኪሎ ነው

ሚዛኑ አልተበላሸም። በአውሮፕላን ጭነት ከትክክለኛው ክብደትና ከይዘት ክብደቱ (ከካርቶኑ ስፋትና ቁመት ከሚሰላው) የሚበልጠው ነው የሚከፈልበት። 60 በ40 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ካርቶን 96,000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። ለ6,000 ሲካፈል 16 ኪሎ። ብዙ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚያካፍሉት ለ5,000 ስለሆነ 19.2 ይደርሳል። ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ተቆርጦ ቁመቱ ወደ 25 ቢወርድ በመጀመሪያው ስሌት 10 ኪሎ ብቻ ነበር።

ችግር፦ በጊዜ አዘዝን፤ መጋዘኑ ግን ባዶ ሆነ

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ትራንዚት ታይምን እንደ ሊድ ታይም መቁጠር ነው። ትራንዚት ታይም የጉዞው ጊዜ ነው። ሊድ ታይም ግን ትዕዛዙ ከወጣበት ቀን አንስቶ ዕቃው መደርደሪያ ላይ እስኪወጣ ያለው በሙሉ ነው።

እንበል ጉዞው 20 ቀን፣ አምራቹ ለማዘጋጀት 15፣ ጉምሩክና መጋዘን ማስገባቱ 10 ቀን ይፈጃል። ድምሩ 45 ነው። በቀን 40 ፍሬ ከተሸጠና መጠባበቂያው 300 ከሆነ፣ መታዘዝ ያለበት ክምችቱ 2,100 ላይ ሲደርስ ነው። በ20 ቀን ያሰላ ሰው 1,100 እስኪቀር ይጠብቃል። ያ ደግሞ በ28ኛው ቀን ያልቃል፤ አዲሱ ዕቃ የሚገባው በ45ኛው ነው።

መፍትሄ፦ አቅራቢው «በዚህን ያህል ቀን እናደርሳለን» ያለውን ሳይሆን፣ ያለፉት ትዕዛዞች በትክክል የወሰዱትን ቀን ከመዝገብ አውጥታችሁ አስሉ። ቀኑ ከትዕዛዝ ትዕዛዝ በጣም የሚዋዥቅ ከሆነ መጠባበቂያውን ከፍ አድርጉ። ክምችት ሲያልቅ ተደናግጦ እጥፍ ማዘዝ ግን ይቅርባችሁ፤ አቅራቢው ፍላጎት የጨመረ መስሎት እሱም አብዝቶ ያመርታል፣ መጨረሻ ላይ መጋዘኑን የሚሞላው የማይሸጥ ዕቃ ይሆናል።