ስሙ ወይስ ኪሱ? ኢንጂነሪንግ የት ልማር ለምትሉ የባሕር ዳር ልጆች

ውጤት ከወጣ ወዲህ ጣና ዳር ቡና ይዞ የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ ለአዲስ አበባ ወይም ለአዳማ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና ልፈተን ወይስ እዚሁ ፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ልቅር? መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ።

ከብሩ እንጀምር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ወጪ መጋራት የሚባል ውል አለ፤ የምግቡንና የዶርሙን ሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ 15 በመቶ ሥራ ስትይዙ ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ ትከፍላላችሁ። ውሉ ላይ የተጻፈውን ብር ሳታነቡ አትፈርሙ።

ኪስ የሚያራቁተው ግን እሱ አይደለም። ከዚህ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በየሴሚስተሩ መመላለሻውን፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬቱን ደምሩ፣ የካፌው ምግብ ያልተስማማው ውጭ ይበላል፣ ፎቶ ኮፒ አለ፣ ካርድ አለ፣ እናት «ልጄ ይርበው ይሆን» ብላ የምትልከው በሶ እንኳ የጭነት ይከፈልበታል። የወሩን አውጡና በአምስት ዓመት አባዙት። ከቤት በባጃጅ የሚመላለስ ልጅ ከዚህ አብዛኛው ይቀርለታል።

የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ ክፍያው ወዲያው ነው፣ ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው። ኮሌጁ ፈቃድ አለው ማለት የእናንተ ትምህርት ፈቃድ አለው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ስሙ። እኔ ስም አይቼ ራቅ ብዬ የሄድኩ ሰው ነኝ። ላቦራቶሪው (ላቡ) ውስጥ አንድ ማሽን ነበር፣ ላስቲኩ ሳይገለጥ እኔ ተመረቅሁ። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ዝና ተዉትና የዲፓርትመንቱን ጠይቁ። ፖሊ በር አካባቢ ካሉት ሻይ ቤቶች ገብታችሁ አራተኛና አምስተኛ ዓመቶችን ያዟቸው። ላብ በእጃችሁ ትሠራላችሁ ወይስ ቆማችሁ ታያላችሁ? ኢንተርንሺፕ የት ወጣችሁ? በመውጫ ፈተናው ከክፍሉ ስንቱ አለፈ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እሱን ሳያልፉ ዲግሪ የለም፤ የትልቅ ግቢ ስምም አያሳልፍም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ይኼን ነው፦ ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁ ገብታችሁ ከተማራችሁ በኋላ በውጤት ነው። ስመ ጥሩ ግቢ ውስጥ የሚፎካከራችሁ የየአገሩ አንደኛ ነው። ሶፍትዌር ብላችሁ ሄዳችሁ ያልፈለጋችሁት ሊደርሳችሁ ይችላል።

ፖሊም ቢሆን ትናንት የተከፈተ አይደለም፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ለሚፈልግማ ወሬውም አያስፈልግም፤ የአዲስ አበባው ልጅ ነው ወደዚህ የሚመጣው።

በእኔ ሚዛን የምትፈልጉት ትምህርት ሁለቱም ቦታ ካለና ላቡ ከተቀራረበ እዚሁ ቅሩ። እዚህ የሌለ ከሆነ ወይም ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ከሆነ ደግሞ ተበድራችሁም ቢሆን ሂዱ። የራሳቸውን መግቢያ ፈተና ከሚሰጡት ውጭ ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫችሁንም በዚሁ ሂሳብ ሙሉ።

የእህቴ ልጅ ሲቪል ነው የሚፈልገው። ደምረን ቀንሰን ፖሊን አንደኛ ሞላ፤ ለመመላለሻ ተብሎ የተቀመጠው ብር ላፕቶፕ ይገዛበታል። እናቱ ግን ጎረቤት በጠየቃት ቁጥር «አዲስ አበባም ይደርሰው ነበር እኮ» ማለቷን አልተወችም።