ኤሲው ሳሎን ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ ያደረግኩት

ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ኮርኒስ ውስጥ የተገጠመው ኤሲ ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። ቅዝቃዜውም ደከመ። የመጣው ባለሙያ «ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ» አለ። አልተዋጠልኝም። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ በዝግ ቱቦ ነው የሚዞረው፤ እንደ ቤንዚን አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ መጀመሪያ እሱ ይፈለግ።

ብሬከሩን አጥፍቼ የአየር ማጣሪያውን አወጣሁት። የሰፈሩ የግንባታ አቧራ ተጋግሮበት ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። አየር ሲታፈን የውስጡ ቱቦ በረዶ ይይዛል፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ይበዛል። በለብ ያለ ውሃና ሳሙና አጥቤ ጥላ ላይ አደረቅኩት። የውሃ መውጫዋ ቀጭን ቱቦም በሚያዳልጥ ዝቃጭ ተደፍናለች። ከውጭ ጫፏ ውሃ በሚስብ ቫኪዩም ሳብኩት። ከዚያ ኤሲው ውስጥ ያለው የውሃ መያዣ ሳህን ላይ አንድ ጆግ ውሃ ባፈስ ኩልል ብሎ ወረደ።

ጋዝ ሳይነካ ቅዝቃዜው ተመለሰ። በበጋ አቧራው ስለሚብስ ማጣሪያውን በየወሩ እዩት።