ለበሶብላና ለጤና አዳም ችግኝ የሚስማማ አፈርና ማዳበሪያ

በጓሯቸው በሶብላ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት የሚያፈሉ የባሕር ዳር ነዋሪዎች ችግኙ ሲቀጭጭባቸው ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያነሱት ዩሪያ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ይህንኑ አድርጌ፣ ከበሶብላው ግንድ ሥር የጣልኳቸው ጥቂት ነጫጭ ፍሬዎች በሦስተኛው ቀን የቅጠሉን ጠርዝ አቃጥለው ቡናማ አደረጉብኝ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ በአንድ ቦታ ሲከማች የሚወጣው አሞኒያ ለጋውን ሥር ይጎዳል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከአፈሩ ነው። ለችግኝ መደብ ሦስት እጅ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ መቀላቀል ይበቃል። ብስባሹ መብሰሉን ለማወቅ እፍኝ ያህል ጨብጦ ማሽተት ነው፤ ዝናብ የነካው የጫካ አፈር የሚሸት ከሆነ ደርሷል፣ የፍግ ሽታው ካልለቀቀው ወይም እጅን የሚያሞቅ ከሆነ ግን ሊቆይ ይገባዋል።

ከጣና ዳር በተነቀለ እምቦጭ ብስባሽ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ፍሬው ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል፣ አረሙን ሳያብብ መሰብሰብና ከሐይቁ ዳር ብዙ ሳያርቅ ማብላላት አለበት። ይህን ጥንቃቄ ችላ ማለት አረሙን በገዛ እጅ ወደ ሌላ ውኃ ማሻገር ነው።

ቀይ አፈር አሲዳማ ሲሆን ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል፤ ችግኙም ይቀጭጫል፣ የቅጠሉ ጀርባ ወደ ሐምራዊነት ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ አንድ እፍኝ የተነፋ የእንጨት አመድ ከመትከል በፊት ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ አሲዱን ያበርዳል፣ ፖታሲየምም ይጨምራል። አመድን ከዩሪያ ወይም ከእርጥብ ፍግ ጋር ማደባለቅ ግን አይገባም፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይበናል።

በሶብላው አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል (ሲበቅል መጀመሪያ ብቅ ከሚሉት ሁለት ቅጠሎች ቀጥሎ የሚመጣውን) ካወጣ በኋላ ቅጠሉ ከገረጣ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በ10 ሊትር ውኃ አሟሙቶ በየሁለት ሳምንቱ ቅጠሉን ሳይነኩ ሥሩ ዙሪያ ማጠጣት ይቻላል። ከዚህ የበዛው ቅጠሉን ያሰፋዋል እንጂ መዓዛውን አያበረታም፤ በሶብላ የሚተከለው ደግሞ ለመዓዛው ነው። ጤና አዳምና ጦስኝ ይህም አያስፈልጋቸውም፤ ለእነርሱ ብስባሹን በግማሽ ቀንሶ በምትኩ አሸዋ መጨመር ይሻላል።