የሮቦት መኪናን የብርሃን ሴንሰር ሲፈትሹና ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስመር ተከትላ የምትሄድ ትንሽ ሮቦት መኪና ከመስመሯ ስትወጣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚነካካው ኮዱን ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ከዚያ በፊት፣ ሴንሰሩ በተለካበት ሁኔታ ላይ ነው። ሴንሰሩ የሚሰጠው ቁጥር የመስመሩን ጥቁረት ብቻ አይናገርም፤ የክፍሉ ብርሃን፣ የሴንሰሩ ከፍታ፣ የባትሪው አቅምና የወለሉ ዓይነት ሁሉ ገብተውበታል። ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ ትናንት የተገኘው ልኬት ዛሬ አያገለግልም።

ለሁሉም ሴንሰሮች አንድ የወሰን ቁጥር መስጠት

መኪናዋን የሚመራው አርዱዪኖ ኡኖ የተባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን ግብዓት ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ስለሚያነብ ብዙዎች ወደ መሃሉ የሚጠጋውን 500ን ይወስዱና ከዚያ በላይ ያለውን ጥቁር፣ በታች ያለውን ነጭ ይሉታል። ሆኖም ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ሴንሰሮች እንኳ እኩል አያነቡም። ለምሳሌ የግራው በነጭ ላይ 120፣ በጥቁር ላይ 460 ያንብብ፤ የቀኙ ደግሞ 230 እና 900። ወሰኑ 500 ከሆነ የግራው ሴንሰር በመስመሩ ላይ ቆሞ እንኳ ነጭ ነው ይላል። መሆን የነበረበት የነጩና የጥቁሩ ንባብ መሃል፣ ለግራው 290፣ ለቀኙ 565 ነው።

የሚሻለው ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት ነው። ከንባቡ ላይ የነጩን ቁጥር ይቀንሱ፣ በ1000 ያባዙ፣ ከዚያ በጥቁሩና በነጩ ልዩነት ያካፍሉ። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፤ በሙሉ ቁጥር ሲሠሩ ማካፈሉ ከቀደመ ውጤቱ 0 ይሆንብዎታል። ማባዛቱም የራሱ ወጥመድ አለው። በተለመደው ኡኖ (R3) ላይ ተራው የሙሉ ቁጥር ዓይነት ከ32767 በላይ ስለማይዝ 340 በ1000 ሲባዛ ከአቅሙ ያልፍና የተሳሳተ ቁጥር ይወጣል፤ ትልልቅ ቁጥር የሚይዘውን፣ ሎንግ የሚባለውን ዓይነት ይጠቀሙ።

ሞተሮቹ ሳይነሱ መለካት

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደክም ስህተት ይመስለኛል፤ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ይታያልና። መኪናዋን በእጅ ይዞ አንድ ጊዜ ነጩ ላይ፣ አንድ ጊዜ ጥቁሩ ላይ አስቀምጦ ቁጥር መመዝገብ ቀላል ነው። ሞተሮቹ ሲነሱ ግን ባትሪው ጫና ይበዛበትና ቮልቴጁ ይወርዳል፤ በሴንሰሩ ውስጥ ሆና ለዓይን የማይታየውን ታህተ ቀይ ጨረር (ኢንፍራሬድ) ወደ ወለሉ የምትለቀው ትንሽ መብራት፣ ኤልኢዲዋ፣ ትደበዝዛለች፤ ተመልሶ የሚመጣው ጨረር ስለሚያንስም ነጩ ወለል ወደ ጥቁሩ ቁጥር ይጠጋል። ከፍታም እንዲሁ ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ የተለመደው ቲሲአርቲ5000 የተባለው ሴንሰር በደንብ የሚያነበው ከወለሉ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ሲርቅ ነው፤ ባትሪው ከተጫነ በኋላ ሻሲው (የመኪናዋ አካል) 1 ሚሊሜትር ዝቅ ቢል እንኳ ንባቡ ይለወጣል።

ስለዚህ መኪናዋ ራሷ ትለካ። ስትበራ ለ5 ሰከንድ ያህል በቦታዋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዞረች ሴንሰሮቹን ሁሉ በመስመሩ ላይ ታሳልፍ፤ ፕሮግራሙም የእያንዳንዱን ትንሹንና ትልቁን ንባብ ይያዝ። ልኬቱ መጀመር ያለበት ግን መኪናዋ ወለል ላይ ካረፈች በኋላ ነው። በእጅ ተይዛ ሳለች ከታች የሚመለስ ጨረር ስለሌለ ሴንሰሩ ከመስመሩም የባሰ ጥቁር ያነባል፤ ያ ቁጥር ከተመዘገበ ወሰኑ ወደ ላይ ይሸሻል።

የክፍሉን ብርሃን መርሳት

ፀሐይና የድሮው ባለ ክር አምፖል ብዙ ታህተ ቀይ ጨረር ይረጫሉ። መኪናዋ ከመስኮቱ አጠገብ ስታልፍ ብቻ የምትሳሳት ከሆነ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አይፈልጉ። በሴንሰሩ ዙሪያ የሚታሰር ጥቁር ካርቶን ብዙ ይረዳል። ኤልኢዲዋን ከፕሮግራሙ ማብራትና ማጥፋት ከተቻለ ደግሞ ጠፍታ አንዴ፣ በርታ አንዴ ያንብቡ፤ የሁለቱ ልዩነት ከወለሉ የተመለሰው ጨረር ነው።

በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ይህን ለማለስለስ አሥር ንባብ በተከታታይ ወስዶ አማካዩን መያዝ የተለመደ ነው፤ ሆኖም አንድ ንባብ 0.1 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ስለሚወስድ አሥሩም በ1 ሚሊሰከንድ ውስጥ ያልቃሉ፤ የአንዱ ርግብግቢት ርዝመት ግን 10 ሚሊሰከንድ ነው። ንባቦቹን በ10 ሚሊሰከንዱ ላይ ይዘርጓቸው።

በዓይን የታየውን ጥቁር ማመን

ለዓይን ድቅድቅ ጥቁር የሆነ የማርከር ቀለም ታህተ ቀይ ጨረርን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ለሴንሰሩ ከወረቀቱ ጋር ያው ነው። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፕላስተርም በአንዳንድ ማዕዘን እንደ መስታወት ይመልሳል። መስመሩን ከማስመርዎ በፊት ትንሽ ናሙና ያስነብቡ። ኤልኢዲዋ መብራቷን ለማወቅ የስልክ ካሜራ ያነጣጥሩባት፤ ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ ሆና ትታያለች፣ በተለይ በፊት ካሜራው።

ዘገምተኛ ሴንሰር ይዞ መሮጥ

በብርሃን የሚለዋወጥ ሬዚስተር ርካሽና ቀላል ነው፤ ግን ለለውጥ መልስ ለመስጠት በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። በሰከንድ ግማሽ ሜትር የምትጓዝ መኪና በ30 ሚሊሰከንድ 1.5 ሴንቲሜትር ትሄዳለች። ይህ የተለመደውን የኤሌክትሪክ ፕላስተር ስፋት ሊያክል ጥቂት ነው የሚቀረው። ፍጥነቱን ይቀንሱ ወይም በሬዚስተሩ ፋንታ ለብርሃን ለውጥ ፈጥኖ መልስ የሚሰጠውን ፎቶትራንዚስተር ይግጠሙ።

ልኬቱን ሳያዩ መነሳት

ልኬቱ እንዳለቀ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር በኮምፒውተር ላይ አውጥተው ይመልከቱ። በአንዱ ሴንሰር ላይ ልዩነቱ ከ100 በታች ከሆነ ወይ ገመዱ ላልቷል፣ ወይ ከፍታው ተበላሽቷል፣ ወይም ያ ሴንሰር በመስመሩ ላይ ጨርሶ አላለፈም። ፕሮግራሙ ራሱ ይህን አይቶ መኪናዋን እንዳያስነሳ ያድርጉት፤ የትኛው ሴንሰር እንደሆነም ይንገርዎ።