የሚጠጣ የአምቡላንስ ባልደረባን እንዴት እናናግረው?

ሌሊት ከደባርቅ መንገድ የመኪና አደጋ አምጥተን ስናስረክብ ማናችንም አናለቅስም። ጓንት ይወልቃል፣ የአምቡላንሱ ወለል በበረኪና ይታጠባል፣ «ኑ ቡና» ይባላል። እየቆየ ግን አንዱ ከቡናው ይቀራል። ተረኛ ሲሆን ለመንቃት ጫት፣ ጠዋት ለመተኛት ጨብሲ፣ የጫቱን ምርቃና የሚሰብር መጠጥ። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም።

እኔ ተናግሬ፣ አበላሽቼ ነው የተማርኩት።

ቦታ ምረጡ። ሰው ፊት አይሆንም፣ ሥራ ቦታም አይሆንም። እኛ ጎንደሮች የፋሲል ግንብ አጥር አለልን፤ እሱን ይዞ በእግር መዞር ነው። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ አፍ ይፈታል።

«ሱሰኛ» የሚለውን ቃል ተዉት። «ትጠጣለህ አይደል?» ካላችሁት ይክዳል። ያያችሁትን ብቻ ንገሩት፦ «ማክሰኞ ደም ሥር ስትፈልግ እጅህ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በሞቴ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል?» እንቅልፍ ማጣት አያሳፍርም፤ ወሬው በዚያ በኩል ይገባል። ከዚያ ዝም በሉ። «ሁላችንም ያየነው ነው እኮ» የምትለዋ ማጽናኛ በሩን ትዘጋዋለች። መሞት ተመኝቶ እንደሆነም በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይደር፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ባልደረባዬ እሺ ሲለኝ ደስ ብሎኝ «ከዛሬ ጀምሮ በቃ!» ብዬ በሚካኤል አስማልኩት። ቃሉን ጠበቀ፣ ጠብታ አልቀመሰም። በሁለተኛው ሌሊት ቤቱ ውስጥ አንቀጠቀጠው። ደርሼ በጎኑ ሳስተኛው ምላሱን ነክሶ ትራሱ ደም ሆኗል። ለስንት ታካሚ የተጠነቀቅነውን ለራሳችን ሰው ሲሆን ረሳነው።

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከዚያም መቃዠትና ግራ መጋባት ሊከተል ይችላል፣ ይሄኛው ይገድላል። ስለዚህ ማቆሙ በሐኪም እጅ ነው፤ መንቀጥቀጡን የሚያረጋጋው መድኃኒት ዲያዜፓሙም፣ ቫይታሚን ቢ 1ም በልክ ይሰጠዋል። ዲያዜፓም ከዕቃ ግምጃ ቤት «ለጓደኛዬ» ብሎ ማውጣት ግን ሌላ ሱስ መጀመር ነው።

ቤተሰቡ ጠበል እንውሰደው ቢሉ አትጣሉ። ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ። እኔ የምከራከረው ስለ ጾሙ ብቻ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ባዶ ሆዱን አይዋል።

ሕክምናው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ችግሩ በሩ ነው። ታካሚ አድርሰን ስንቆም ማንም አያየንም፣ ለራሳችን ስንቆም ግን «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። የኔው ጓደኛ ባሕር ዳር ካልሆነ አለኝ። ሄድን። መንገዱ ሰበብ ቢሆንም ሰበቡን ወደድኩት፤ በአውቶቡሱ መስኮት እያየ ከደባርቅ መንገድ አደጋ ስላመጣናት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አወራኝ።

አለቃ ዘንድ «አሞታል» በቂ ነው፤ ቀሪውን ከፈለገ እሱ ይናገር። ጠጥቶ ከመጣ ግን መሪም መርፌም አይይዝም። እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም፣ ቁልፉን ተቀበሉት።