የሌላ ደንበኛ ሰነድ ሲከፈት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክት፦ አንድ ደንበኛ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ደረሰኙን ይከፍታል፤ በአድራሻው መጨረሻ ያለውን 1041 ወደ 1042 ሲቀይር የማያውቀው ሰው ስም፣ ስልክና የክፍያ ዝርዝር ፊቱ ይዘረገፋል። ፋየርዎሉ (አጠራጣሪ ጥያቄዎችን የሚያግደው ጥበቃ) ጥያቄውን ከጤናማው ስለማይለየው ዝም ይላል። ሰርቨሩ የመጡለትን ጥያቄዎች በሚመዘግብበት ሎግ ላይ ግን አንድ አካውንት ተከታታይ ቁጥሮችን ሲጠይቅና ለሁሉም የ200 («ተሳክቷል») ምላሽ ሲያገኝ ይታያል። የኦንላይን ሲስተሞችን ክፍተት ፈትሾ ለሚያወጣ ባለሙያ ይህ በጣም ከተለመዱት ግኝቶች አንዱ ነው።

መንስኤ፦ ኮዱ ሰውየው መግባቱን ያረጋግጣል እንጂ ሰነዱ የእርሱ መሆኑን አያጣራም። የድረ ገጽ መተግበሪያዎችን ደህንነት የሚከታተለው ድርጅት ኦዋስፕ የዚህ ዓይነቱን የመዳረሻ ቁጥጥር ጉድለት በ2021 ዝርዝሩ ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ አውጥቶታል። በአሜሪካው ፈርስት አሜሪካን ኩባንያ ላይ በ2019 ይፋ የሆነው ክፍተትም የዚሁ ዘመድ ነበር፤ ቁጥር በመቀየር ብቻ፣ ያውም ያለ ይለፍ ቃል፣ ወደ 885 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰነዶች ይከፈቱ ነበር።

መፍትሄ ያልሆነው፦ አንድ ድርጅት ሪፖርታችን ከደረሰው በኋላ «ተስተካክሏል» ብሎ መለሰልን፤ ስናየው ቁጥሩን በቤዝ64 (መረጃን በሌሎች ፊደላት መልሶ የሚጽፍ እንጂ የማይመሰጥር ዘዴ) ከመጻፍ በቀር የተነካ ነገር አልነበረም፤ ያንን ለመፍታት ደግሞ ቁልፍ እንኳ አያስፈልግም። ሌላው ድረ ገጹን በሚገባ ዘግቶ፣ ያንኑ ደረሰኝ በፒዲኤፍ የሚያወርደውን መንገድና የሞባይል መተግበሪያው ከሰርቨሩ መረጃ የሚጠይቅበትን በር (ኤፒአይ) ክፍት ትቷቸው ነበር። ሰነዱን የሚከፍተውን አዝራር ከገጹ ላይ መደበቅም ሆነ የማይገመት ረጅም መለያ መስጠት ብቻውን ጥበቃ አይደለም፤ መለያው በኢሜይል በተላከ ሊንክ ውስጥ ሊወጣ ይችላልና።

መፍትሄ፦ ከዳታቤዝ ሰነድ የሚያወጣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከሰነዱ ቁጥር በተጨማሪ የባለቤቱን መለያ ይጠይቅ፤ ይህም መለያ ተጠቃሚው ከሚልከው ሳይሆን ሰርቨሩ ከያዘው ሴሽን (ማን እንደገባ ከሚያሳየው መዝገብ) ይወሰድ። ማጣሪያው በየገጹ ከሚበተን ሁሉም በሚያልፍበት አንድ ቦታ ቢቀመጥ አዲስ ገጽ ሲጨመር አይረሳም። ለማረጋገጥ ሁለት የሙከራ አካውንት ክፈቱ፤ የአንደኛውን ጥያቄ በሁለተኛው ኩኪ (ብሮውዘሩ ማን እንደገባ ለሰርቨሩ በሚያሳይበት መለያ) ላኩ፤ 403 («ተከልክሏል») ወይም 404 («አልተገኘም») መምጣት አለበት። ማንበብን ብቻ ሳይሆን ማሻሻልንና መሰረዝንም ፈትሹ። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ይህን በሰው ሲስተም ላይ አትሞክሩ፤ በእውነተኛ ደንበኞች መረጃ ላይ ደግሞ የመሰረዝ ሙከራ በጭራሽ አታድርጉ።

አልፎ አልፎ ተጠቃሚው ምንም ሳይቀይር የሌላ ሰው ገጽ ከመጣለት፣ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ የግል ገጾችን ቅጂ ይዞ መልሶ የሚያቀርብ ጊዜያዊ ማከማቻ (ካሽ) ነውና በእነዚያ ገጾች ላይ ኖ-ስቶር («ቅጂ አታስቀምጥ») የሚለውን መመሪያ አስገቡ።

ክፍተቱን እንደዘጋችሁ ሎጉን ለማጽዳት አትቸኩሉ። የማን ሰነድ እንደታየና ለየትኞቹ ደንበኞች ማሳወቅ እንደሚገባ የሚታወቀው ከእርሱ ነው።