የ«ክሪሚናል ማይንድስ»ን 100ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ከማትሰማ እናት ጋር እንዴት ማየት ይቻላል

«ክሪሚናል ማይንድስ» ነፍሰ ገዳዮችን ስለሚያድን የኤፍቢአይ ቡድን የሚያሳይ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። አስቀድሜ ልናገር፦ የመቶኛውን ክፍል ታሪክ እስከ መጨረሻው አወራዋለሁ። ያላያችሁት ሂዱና አይታችሁ ተመለሱ። መጀመሪያ በሲቢኤስ ቴሌቪዥን የታየው ኅዳር 2009 በፈረንጆቹ፣ የምስጋና ቀን ዋዜማ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ምስጢር እንድጠብቅ የሚጠብቅብኝ ያለ አይመስለኝም።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፣ ከእናቴ ጋር። የእማዬ እንግሊዝኛ ከ«ታንክ ዩ» እና ከ«ኖ ሹገር» ብዙም አይርቅም። ግን የወንጀል ፊልም ነፍሷ ነው። ማታ ከሥራ ስገባ ጋቢ ተከናንባ ሶፋው ላይ ትጠብቀኛለች፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ይህን ክፍል አብረን ሦስት ጊዜ አይተነዋል። ሁለቱን ጊዜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከኔ ተማሩ።

በቀጥታ ከመቶኛው አትጀምሩ። የአምስተኛው ሲዝን ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በፊት ሌሎች ክፍሎች መታየት አለባቸው። መጀመሪያ የአራተኛው ሲዝን 18ኛ ክፍል፣ «ኦምኒቮር» የሚባለው። ጆርጅ ፎየት የሚባለውን ገዳይ የምንተዋወቀው እዚያ ነው። ፎየት ራሱን በቢላ ወግቶ «ከገዳዩ የተረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ዓመታት የኖረ ሰው ነው። ለአንድ መርማሪ «እኔን ማደን ካቆምክ መግደል አቆማለሁ» የሚል ውል ሰጥቶት ነበር፤ መርማሪውም ተቀበለ። ያንኑ ውል ለቡድኑ አለቃ ለሆችነር ሲያቀርብለት ሆችነር እምቢ አለ። ይቺን እምቢታ ለእናታችሁ በደንብ አስረዱ፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ ከእሷ ይመዘዛል። ቀጥሎ የአራተኛው ሲዝን መዝጊያና የአምስተኛው መክፈቻ። ፎየት ሆችነርን ቤቱ ጠብቆ ዘጠኝ ጊዜ ይወጋዋል፣ ግን አይገድለውም። የቀድሞ ሚስቱ ሄይሊና ትንሹ ልጃቸው ጃክ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ይደበቃሉ። ሌላውን ዝለሉት።

የቡድኑ አባላት የሚጠሩበት «ፕሮፋይለር» የሚለው ቃል ያስቸግራችኋል። እኔ «የገዳዩን ጠባይ ከሠራው ሥራ የሚያነቡ ናቸው» ብዬ ነበር። እማዬ፣ «ጠንቋዮች ናቸዋ!» አለች። «አይ፣ ሬሳው እንዴት እንደተተወ አይተው ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ይገምታሉ» ስላት ገባት። ጣቢያቸው ኳንቲኮ መሆኑን ስነግራት ደግሞ ተነሥታ መስኮት ከፈተች። ኳንቲኮ ከኛ በ95 መንገድ ወደ ደቡብ ነው፤ ትራፊክ ከሌለ ግማሽ ሰዓት ገደማ። (እውነተኞቹ ግን እንደ ፊልሙ በር እየሰበሩ አይገቡም። አብዛኛው ሥራቸው ፖሊሶችን ማማከር ነው። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም።)

የፎየት ቅጽል ስም «ሪፐር» ነው። በጭፍን «አጫጅ» ብትሉ ገበሬ ነው የሚመስለው። «መልአከ ሞት» አልኳት። «እንዲህ ያለውን መልአክ አትበይው!» ብላ ተቆጣች። አሁን «ነፍሰ በላው» ነው የምንለው።

መቶኛው ክፍል ሲጀምር ጊዜው ይዘበራረቃል። ስትራውስ የምትባለው ኃላፊ የቡድኑን አባላት አንድ በአንድ እየጠራች ትጠይቃለች፤ በመካከሉ የሆነው ነገር ይታያል። እማዬ መጀመሪያ ቀን «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ከየት መጣች?» እያለች ግማሹ አለፈን። መፍትሔው ቀላል ነው። ስትራውስ ስትመጣ «ዛሬ» በሉ፣ ስትሄድ «ያኔ»። በቃ።

የፎየት ዱካ የተገኘው በመድኃኒቱ ነው። ራሱን የወጋበት ቁስል ስለጎዳው ሳያቋርጥ የሚወስደው መድኃኒት አለ፤ ቡድኑም የሐኪም ማዘዣ ተከትሎ ሐሰተኛ ስሙ ጋ ይደርሳል፦ ፒተር ሪያ። የቡድኑ አባል ሪድ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ሲያቀያይራቸው «ዘ ሪፐር» ይሆናሉ። ይህ ነገር በእኛ ፊደል አይሠራም። እኔ «ለማ የሚለውን ብትገለብጪው ማለ ይሆናል አይደል? እንደዚያ ነው» አልኳት። ማዘዣው ግን ማብራሪያ አላስፈለገውም። እማዬ የግፊት ክኒኗን በየወሩ የምታመላልስ ሴት ናት። «ታዲያ ከፋርማሲ ማን ያመልጣል?» አለች።

አሁን ዋናው። ፎየት ሄይሊንና ጃክን አታሎ ወደ ድሮው ቤታቸው ያመጣቸዋል። ሆችነር በመኪና እየበረረ በስልክ ያናግራቸዋል፤ ቡድኑ በሙሉ ያዳምጣል። እዚህ ጋ አትተርጉሙ።

መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ተረጎምኩ። የሄይሊ ድምፅ ከኔ ድምፅ ሥር ተቀበረ። ሁለተኛው ቀን እያቆምኩ አስረዳኋት፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሴትዮዋ ልትሞት ስትል ሪሞት ማንሳት ነውር ነው። ሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ብቻ ተረጎምኩ፤ ሆችነር ለልጁ «ሥራውን ከእኔ ጋር ሥራ» ሲለው። ምን ማለት እንደሆነ አትንገሩ። ልጁ ሮጦ ይሄዳል፤ ፍቺው በኋላ ቤቱ ውስጥ ባለው የአባቱ ቢሮ፣ ልጁ የተደበቀበት ሳጥን ሲከፈት ራሱ ይመጣል።

የቀረውን እማዬ ያለ እኔ ሰማችው። ሄይሊ ለአባትየው ስለ ልጁ አደራ ስትሰጥ፣ ማልቀስ እንዳይሰማባት ስትታገል። ተኩሱን የምንሰማው በስልክ ነው። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ፎየት የማያውቁት ነገር የለም። ክኒኑን፣ ስሙን፣ ምን እንደሚያስደስተው። ያም ሆኖ የደረሱት ዘግይተው ነው።

ቀጥሎ ሆችነር ፎየትን በባዶ እጁ ደብድቦ ይገድለዋል። ይረዝማል። የእናታችሁ ልብ ደካማ ከሆነ እዚያ ላይ ቡና አቅርቡ። እማዬ ግን ፈንዲሻዋን አስቀምጣ «ጨምርለት!» ስትል ነበር፤ ስትራውስ ሌላ ምርጫ አልነበረህም ብላ ስታበቃም «ጎሽ!» አለቻት።

አንድ ነገር አደራ። ቴሌቪዥኑን እዚያ አታጥፉት። እኔ አጥፍቼው ልተኛ ስነሣ እማዬ እጄን ያዘችኝ። «ቀብሯስ?» አለች። ቀብሩ የሚቀጥለው ክፍል ላይ ነው፣ አሥረኛው። አስቀድማችሁ አዘጋጁት። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ እማዬ ነጠላዋን ከጋቢው በላይ አጣፍታ ተቀመጠች፣ «ነፍስ ይማር» አለች፣ «በይ ክፈቺው» አለችኝ።